ያለ ርቀቱ የተሰለፈው ማሞ

ሻምበል ማሞ ወልዴ ሲነሳ ሁላችንም ሜክሲኮ ላይ ነው የምንቆመው። ሜልቦርንን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ኢትዮጵያ በ1956 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ ይህ የክብር ዘበኛ ወታደር የተሰለፈው በ800 ሜትር፣ በ1500 ሜትርና በ4 በ400 ዱላ ቅብብል ነበር። በሦስቱም ከማጣሪያ አላለፈም። በ1960 ሮም ላይ አበበ ቢቂላ ጉድ ሲሰራ ደግሞ ማሞ ጭራሽ ቡድኑ ውስጥ አልነበረም።

እንግዲህ አይችልም ተብሎ የሚረሳው ይኼኔ ነው። እኛን ከጠየቃችሁን ግን ልጁ አቅም አላነሰውም፣ ቦታው ነው የተሳሳተው። የመሃል ተከላካይን ክንፍ ላይ አሰልፎ ፍጥነት የለውም እንደማለት ነው። (ክለቦቻችን ስንቱን እንዲህ አባረዋል!) የማሞ ሀብት ትንፋሹ ነበር። ርቀቱ ሲረዝምለት በ1964 ቶኪዮ ላይ በ10 ሺህ ሜትር አራተኛ ወጣ።

በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ለጥቂት በኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ተቀድሞ ብር ወሰደ። በሳምንቱ በማራቶኑ አበበ ተጎድቶ ሲያቋርጥ፣ የ36 ዓመቱ ማሞ ጃፓናዊውን ኪሚሃራን ከ3 ደቂቃ በላይ ጥሎት ገባ። ወርቅ! በ1972 ሙኒክ ላይ ደግሞ በ40 ዓመቱ ነሐስ ጨመረ።

መጨረሻው ከባድ ነበር። በቀይ ሽብር ክስ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ታስሮ በ2002 ተፈታ፤ በወራት ውስጥም አዲስ አበባ ላይ አረፈ።