እቴጌ ጣይቱ ብጡልና የንግድ ክብር

ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ በሚዘልቀው ጎዳና ምግብ ቤት ወይም የእንግዳ ማረፊያ ከፍቶ የሚተዳደር ሰው፣ ሥራዬ ተሳካ ሲል ምን ማለቱ ነው? አንዱ በዕለቱ ሽያጭ፣ ሌላው አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ ባበቃቸው ልጆቹ፣ ሦስተኛው በአካባቢው ባገኘው ከበሬታ ይለካዋል። መለኪያው ከባለቤቱ እምነት እንደሚመነጭ ለመረዳት፣ ለዚህ ሙያ በአገራችን ፈር የቀደዱትን የእቴጌ ጣይቱ ብጡልን ሕይወት መመልከት ይበጃል።

እቴጌይቱ በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ለቀናት የቆየውን ታላቅ ግብር ያሰናዱ ባለሙያ ነበሩ። በመኳንንቱ ዘንድ ማብላት የጌትነት ምልክት ነበር፤ እንግዳን አብልቶ ሒሳብ መቀበል ግን እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ነጋዴና ባለ እጅም በንቀት ዓይን ይታዩ ነበር።

ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ እኒያው የግብር እመቤት በአዲስ አበባ ምግብና መኝታ በገንዘብ የሚሸጥበትን ሆቴል ከፈቱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ገበያ ቢጠፋ፣ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው በመሄድ በልተው፣ ከፍለው አርአያ እንደ ሆኑ ይተረካል። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። እቴጌይቱም ብዙ ሳይቆዩ እርሻንና ንግድን በገንዘብ የሚረዳ አገር በቀል ማኅበር እንዲቋቋም አደረጉ።

ከዚህ ሁሉ እንደምንረዳው፣ የወጥና የእንጀራ ሽያጭ ትርፍ ለቤተ መንግሥት እመቤት ዋና ጉዳይ ሊሆን አይችልም። የሆቴሉ ስኬት የሚለካው፣ ሰው ሳያፍር ሲሸጥና ሳያፍር ሲገዛ በመታየቱ ነበር። እቴጌይቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገለሉ፤ በ1910 ዓ.ም. በእንጦጦ አረፉ። ሆቴሉ ግን እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

እርሳቸው ከማረፋቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1909 ዓ.ም.፣ የምድር ባቡሩ ሐዲድ በአዳማ በኩል አልፎ አዲስ አበባ ገባ። በየጣቢያው ለመንገደኛ ምግብ እየሸጡ ልጆች ያሳደጉ እናቶች ይህንኑ ሙያ ይዘው ኖረዋል። ልዩነቱ ግን ሊዘነጋ አይገባም፤ እነርሱ የቤተ መንግሥት ግምጃ ቤት አልነበራቸውም፤ ትርፍ ካጡ ክብሩም አብሮ ይዘጋል።

ስለዚህ የአነስተኛ ነጋዴዎችን መዝገብ የምንመረምርና ምክር የምንሰጥ የሙያ ባልደረቦች፣ ትርፉን ከማስላታችን አስቀድሞ ባለቤቱ ቤቱን ለምን እንደ ከፈተ ልንጠይቅ ይገባል። ቤቱን ማስፋት እየቻለ ያላሰፋው ነጋዴ ሰነፍ ላይሆን ይችላል፤ የሚመዝንበት ሚዛን ከእኛው የተለየ ሊሆን ይችላልና።