ተራው ሰው ጀግና ሲሆን

ጀግና ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጋሻና ጦር አንሥቶ፥ ግዳይ ጥሎ የሚፎክረውን ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ግን ለልብ ወለድ ታሪካቸው የመረጡት ጀግና ጦር የማያውቅ ተማሪ ነበር።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በመርሐቤቴ ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን በእንጦጦ ራጉኤል አደላድለው፥ በትውልድ ሳይሆን በብዕራቸው ከፍ አሉ። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ከተላኩት አንዱ ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋር አውሮፓን፥ በ1924 ዓ.ም. በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ጃፓንን ጐበኙ። በሄዱበት ሁሉ ያዩትን እየጻፉ ላገራቸው ሰው አካፈሉ።

በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም» የተባለውን መጽሐፋቸውን አወጡ። ባለታሪኩ አወቀ የተጉለት ልጅ ነው፤ ፓሪስ ተምሮ ወዳገሩ ይመለሳል። ጠብ ፍለጋ አልመጣም። ነገር ግን የተዝካሩና የሠርጉ ድግስ ቤት እንዳያራቁት ቢል፥ የገዛ ዘመዶቹ ተነሡበት። ከጠላት ጋር መዋጋት ይቀላል፤ የአጎትን ፊት አይቶ እምቢ ማለት ግን ምን ያህል ይከብዳል!

ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ኅሩይ በ1928 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ተቀመጡ። እዚያው አገር በመስከረም 1930 ዓ.ም. የቶልኪን «ሆቢት» ታተመ። የዚያ ተረት ጀግና ቤቱንና ምግቡን የሚወድ፥ ሳይፈልግ ለመንገድ የተነሣ ትንሽ ሰው ነው። ሲመለስ ጎረቤቶቹ እንደ ሞተ ቈጥረው ንብረቱን በሐራጅ ሲሸጡ አገኛቸው። አንዱ መጽሐፍ ዘንዶ፥ ሁለተኛው ተዝካር ይዟል፤ ሁለቱም ግን ርቆ የሄደ ሰው ሲመለስ ቤቱ እንደ ድሮው እንደማይቀበለው ያሳያሉ።

ስለ መመለስ የጻፉት ኅሩይ ግን በሕይወት ሳሉ ለመመለስ አልታደሉም፤ በመስከረም 1931 ዓ.ም. በዚያው በባዝ ዐረፉ።

ከመንዝ፥ ከግሼና ከመርሐቤቴ ተነሥተን ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት የገባን ሁላችን፥ ለበዓል አገር ቤት ስንወርድ የአወቀ ፈተና ይጠብቀናል። ዘመድን ሳንንቅ፥ እውነቱንም ሳንደብቅ ለመናገር እንችል ይሆን? ጀግንነት ከተባለ ለእኛ የደረሰን ይህ ነው።