ከኳስ ሜዳ እስከ ዓለም ሸንጎ፤ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ

በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ የኢትዮጵያን ፕሪምየር ሊግ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ባነሣ ጊዜ በጎንደር የነበረው ደስታ ከአንባቢያችን የሚሰወር አይደለም። ክለቡ ቀጥሎ በአፍሪካ ሻምፒዮኖች ውድድር ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ተጋጠመ። ይህን ውድድር የሚመራውን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ግን ከፋሲል ግንብ በታች ኳስ ከሚጫወቱት ወጣቶች ስንቶቹ ያውቁ ይሆን? ዛሬ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ታሪክ ማንሣታችን ስለዚህ ነው።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ድምፃቸውን በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹት ባለቅኔው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ልጃቸው ግን ስም ያተረፉት በእግራቸው ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. ከተቋቋመ ብዙም ሳይቆይ ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ፋሺስት በዘር ሕግ ጥቁሩን ከነጩ ባራቀበት በዚያ ዘመን ወጣቱ ይድነቃቸው ኳሱን አልተዉም። ለዚሁ ክለብ 23 ዓመት ተሰልፈው በ365 ጨዋታ 318 ጎል አግብተዋል። ዛሬ ይህን ያህል ቁጥር ያለው አጥቂ ቢገኝ ምን ያህል በተወራለት ነበር!

በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች በካርቱም ተሰበሰቡ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮች ብቻ፣ ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን እንጂ የተደባለቀ አልክም በማለቷ ከውድድሩ ተሰረዘች። ተጋጣሚዋ ኢትዮጵያ ስለ ነበረች ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ አለፈ፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ።

ዋንጫው የመጣው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው፤ የጥምቀት በዓል ባለፈ በሁለተኛው ቀን። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ሁለት ጊዜም አቻ ሆነ፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። የዘር ሕግ ባለበት ዘመን ያደጉት አሠልጣኝ እንዲህ ያለውን ቡድን መርተው ማሸነፋቸው እኛን ከ318ቱ ጎል ይልቅ ያስደንቀናል።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር፣ በፊፋ፣ ሸንጎም ስለ አፍሪካ ድርሻና ስለ አፓርታይድ ሳይታክቱ ተከራከሩ፤ በ1968 ዓ.ም. ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አስወገደ። አቶ ይድነቃቸው ያረፉት ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት ነው።

በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በደቡብ አፍሪካ ተደረገ፤ ዋንጫውንም ባለአገሮቹ ወሰዱ። አምበላቸው ነጭ ነበረ፤ አብረውት ከተሰለፉት ብዙዎቹ ደግሞ ጥቁሮች። በካርቱም አልክም የተባለው ቡድን ይኸው ነበር።