አልፍሬድ ስሎንና የዋጋ እርከን ደንብ

በሽንዲም ሆነ በቡሬ ገበያ ነጭ፣ ሠርገኛና ቀይ ጤፍ ይዞ የሚወጣ ነጋዴ ሦስቱን በየጆንያው ለይቶ ዋጋቸውን ያራርቃል። ሠርገኛውን በነጩ ዋጋ ቢጠራው አንዱ ጆንያ የሌላውን ገዢ ይሻማበታል እንጂ ከጎረቤቱ ነጋዴ ዘንድ አንድም ሰው አይመጣለትም። ይህን የገበያ ዕውቀት በአንድ ታላቅ ኢንዱስትሪ ውስጥ የሥራ ደንብ አድርገው የተከሉት አሜሪካዊው አልፍሬድ ስሎን ናቸው።

ስሎን በ1875 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኒው ሄቨን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የቡናና የሻይ አስመጪ ነበሩ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የኤሌክትሪክ ምሕንድስና አጥንተው በ1895 ከተመረቁ በኋላ ሃያት በተባለ አነስተኛ የኩሽኔታ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ፋብሪካው ሊዘጋ በተቃረበ ጊዜ አባታቸውና አንድ ባልደረባቸው ባዋጡት 5,000 ዶላር ተረፈ። አውቶሞቢል ሲስፋፋ የኩሽኔታ ፈላጊ በዛ፤ በ1916 ዊልያም ዱራንት ፋብሪካውን በ13.5 ሚሊዮን ዶላር ገዙት። ስሎንም በዚሁ በኩል በ1918 ጄኔራል ሞተርስ ገቡ።

ዱራንት ኩባንያ በመግዛት ወደር አልነበራቸውም፤ የገዙትን በማስተዳደር ግን ደካማ ነበሩ። በ1920 የአሜሪካ ገበያ በድንገት ሲቀዘቅዝ ከሥልጣን ወረዱ። የተዉት ድርጅት ሰባት ዓይነት አውቶሞቢል የሚያመርት ሲሆን፣ ትርፍ የሚያስገኙት ግን ቢዩክና ካዲላክ ብቻ ነበሩ። ኦክላንድ፣ ኦልድስሞቢልና ቢዩክ በተቀራራቢ ዋጋ ቀርበው እርስ በርሳቸው ይጋፋሉ፤ በርካሹ እርከን ደግሞ ፎርድን የሚገዳደር አልነበረም።

በ1921 ስሎን የመሩት ኮሚቴ ከ450 እስከ 3,500 ዶላር ያለውን ዋጋ በስድስት እርከን ከፈለው። በየእርከኑ አንድ መኪና ብቻ እንዲቆም፣ በእርከኖቹም መካከል ሰፊ ክፍተት እንዳይኖር ተወሰነ። ሸሪዳንና ስክሪፕስ ቡዝ የተባሉት ተሰረዙ። ሸቭሮሌ ከፎርድ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ጥቂት ጨምሮ የተሻለ መኪና የሚሻውን ገዢ እንዲስብ ታሰበ። ስሎን በ1923 ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ፎርድም በ1927 ሞዴል ቲን ማምረት አቆመ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው የፖንቲያክ ታሪክ ነው። በሸቭሮሌና በኦልድስሞቢል መካከል የቀረውን ክፍተት ተወዳዳሪ እንዳይገባበት ተፈራ፤ አዲስ መኪና ቢገባበት ደግሞ የሸቭሮሌን ገዢ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በ1926 የወጣው ፖንቲያክ ቦዲውን ከሸቭሮሌ ጋር እንዲጋራ ተደረገ፤ ከገበያው የሚጎድለው ከወጪው ይካካስ ነበር። መኪናው ግን እጅግ ተፈላጊ ሆነና ሸቭሮሌን ሳይሆን የገዛ ወላጁን ኦክላንድን ዋጠው፤ ኦክላንድ በ1931 ቀረ።

ደንቡ የተፈተነው ከዚያ በኋላ ነው። በ1929 በአሜሪካና በካናዳ 5.6 ሚሊዮን ያህል ተሽከርካሪ ተመርቶ ነበር፤ በ1932 ወደ 1.4 ሚሊዮን ወረደ። ክፉኛ የተጎዳው የመካከለኛው ዋጋ ገበያ ነበር። ስሎን በዚህ ጊዜ ስሞቹን አላጠፉም፤ ከስሞቹ በስተጀርባ ያለውን ሥራ አንድ አደረጉ እንጂ። የሸቭሮሌና የፖንቲያክ ማምረቻ ተዋሐደ፤ የቢዩክ፣ የኦልድስሞቢልና የፖንቲያክ ሽያጭ ለአጭር ጊዜ በአንድ አመራር ሥር ዋለ። በ1927 በቢዩክና በካዲላክ መካከል የተተከለው ላሳል ግን ከላይም ከታችም ተጣቦ በ1940 ቆመ።

ገበያን እንዲህ አሳምረው የለኩት ሰው የሠራተኛውን ብሶት አልለኩትም። በ1936 መጨረሻ በፍሊንት ከተማ ሠራተኞች ፋብሪካውን ይዘው ሥራ አቆሙ፤ 44 ቀን ከቆየ ትግል በኋላ ኩባንያው ሳይወድ በግዱ ለማኅበራቸው ዕውቅና ሰጠ።

ስሎን በ1937 ፕሬዚዳንትነቱን ትተው እስከ 1956 የቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ፤ በ1966 በ90 ዓመታቸው ዐረፉ። ልጅ አልነበራቸውም። ከእርሳቸው በኋላ ቦዲ መጋራቱ እየበዛ ሄዶ በ1980ዎቹ የእኅትማማቾቹ መኪኖች መልክ ለመለየት አስቸጋሪ ሆነ። ኦልድስሞቢል በ2004፣ ፖንቲያክም በ2010 ተዘጉ።