ፈታኙ አባ ጎርጎርዮስ

አዘጋጆቹ ከሞቱ ዘመናት ያለፋቸውን አንድ ሰው መርጬ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ብዙ አላሰብኩም። እኔ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የደጋን ልጅ ነኝ፤ የምማረውም ሥነ ጽሑፍ ነው። በዶክትሬት ያለፋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ኮርስ ወርኩ አለ፣ አጠቃላይ ፈተናው አለ፣ ፕሮፖዛሉ አለ፣ መጨረሻ ላይ በፈታኞች ፊት መቆም አለ። እኔ ገና ለአጠቃላይ ፈተናው እያነበብኩ ነኝ። ስለ ግዕዝና አማርኛ ጥናት አጀማመር በተነሣ ቁጥር የጀርመኑ ሂዮብ ሉዶልፍ ይጠራል። ያስተማሩትና የፈተኑት ሰው ግን የኛው ናቸው፤ አባ ጎርጎርዮስ።

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በ16ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግድም መካነ ሥላሴ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው፣ በጥንቱ የአማራ ምድር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያኑ ጋር ወገኑ። አፄ ፋሲለደስ ካህናቱን ሲያባርሩ እሳቸውም ከአገር ወጡ፤ ኋላ ሮም ደርሰው በቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ተቀመጡ። እንግዲህ በአገራቸው ሊቃውንት ዓይን ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው ናቸው፤ ይህን ደብቄ ላሞግሳቸው አልፈልግም። ዋጋውንም በስደት ከፍለዋል።

በ1649 ሉዶልፍ ሮም መጣ። ገና 25 ዓመቱ ነው፤ ግዕዝን ከመጻሕፍት ብቻ፣ ያለ መምህር፣ ለብቻው ተምሯል። ሐበሾቹን አግኝቶ አስተምሩኝ ቢላቸው፣ ይህ ረጅም ጊዜ የሚጠይቅ ነገር ነው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የሚሆን አይደለም አሉት። ቢሆንም የብራና መጽሐፍ አቀረቡለትና አንብብ ተባለ። ሲያነብ አነባበቡ አሳቃቸው። የሚናገር ሰው ሰምቶ አያውቅም፤ ከየት ያምጣው! ትርጉሙን ሲናገር ግን ሳቁ ቆመ፤ ተደነቁ። እኔ ይህን ሳነብ የመግቢያ ፈተና ነው ያልኩት። በንባቡ ወደቀ፣ በትርጓሜው አለፈ። ደግሞ ፈታኞቹ ማን እንደነበሩ ልብ በሉ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1652፣ የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን አስጠሩ። አሁን ተፈታኙ እሳቸው ሆኑ። መስፍኑ ሉተራዊ ነው፤ የሐበሾች እምነት ምን ይመስላል፣ አገሩስ፣ አገዛዙስ፣ እያለ ይጠይቃል፤ ሉዶልፍ በመሀል ያስተረጉማል፣ ይጽፋል። መልሳቸው አገር የሚያስገምት ነበር፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድን ሕዝብ በሙሉ ወክለው የሚመልሱ ሰው ነበሩ። የኛን ዲፌንስ ከዚህ ጋር ሳስተያየው ቀላል ይመስለኛል፤ እኛ የምንከላከለው አንድ ጥራዝ ነው።

ለነገሩ እንዲህ ያለው ፈተና ለወሎ ሰው ባዕድ አይደለም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ቅኔውን አቅርቦ ይታረማል፤ የበቃው ያስመሰክራል። በኛ በቃሉ በኩልም ደረሳው ኪታቡን ሸሁ ፊት ቀርቶ ጨርሶ ኢጃዛ ይቀበላል። ትራንስክሪፕት የለም፤ ያስተማረው ሰው ቃል ነው ማስረጃው። አባ ጎርጎርዮስ ዛሬ ለዶክትሬት ቢያመለክቱ ገና ሬጅስትራር ላይ ይመለሱ ነበር።

ከጎታ ከተመለሱ በኋላ ከሉዶልፍ ጋር በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር። በ1658 በመርከብ ሲጓዙ እስክንድሩን አጠገብ መርከቧ ተሰበረችና ሰጠሙ። የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ ደግሞ በ1698 ታተመ፤ ጎርጎርዮስ ከሞቱ 40 ዓመት ቆይቶ። ለሉዶልፍ ፍትሕ እንስጠው፤ ውለታቸውን አልካደም፣ በ1691 ባሳተመው መጽሐፍ ምስላቸውን ጭምር አስገብቷል። ወደ መረጃ ሰጪነት ያወረዳቸው የኋላው አንባቢ ነው።

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ያላችሁ መምህራኖቻችን፣ የኮርስ ዝርዝር ስታሻሽሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሉዶልፍን ስታስነብቡን የአባ ጎርጎርዮስን የግዕዝ ደብዳቤዎችም ጨምሩልን። ለአጠቃላይ ፈተናውም ከእነሱ አንድ ጥያቄ አውጡ፤ ለመዘጋጀት ፈቃደኛ ነኝ።