የፊንሰን ክንድ

ኒልስ ፊንሰን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1860 በፋሮ ደሴቶች ተወለደ። ክረምቱ ረጅም፣ ፀሐይም ብርቅ የሆነችበት አገር ነው። በአይስላንድ ተምሮ ኮፐንሃገን ገባና በ1890 በሐኪምነት ተመረቀ። ገና ተማሪ ሳለ የያዘው በሽታ ግን ሆዱን ውኃ እያስቋጠረ፣ ልቡንና ጉበቱን እያደከመ ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። የሚኖርበት ክፍል ፀሐይ አይገባውም ነበር። ስለዚህ ብርሃን ለሰውነት ምን ያደርጋል የሚለው ነገር ለሱ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አልነበረም።

መቼም ሳይንስ ሲባል ትልቅ መሣሪያ የሚታየን ብዙ ነን። ፊንሰን የሞከረው በገዛ ክንዱ ነው። ክንዱን በጥቁር ቀለም እንደ ቀበቶ ቀባና ለሦስት ሰዓት ያህል ፀሐይ አስመታው። ቀለሙን ሲያጥበው ከሥሩ ያለው ቆዳ እንደነጣ ነው፤ ግራና ቀኙ ግን ቀላ፣ ኋላም ጠየመ። እንደገና ያለ ቀለም ፀሐይ ላይ ሲያወጣው ነጭ የነበረው ተቃጠለ፤ የጠየመው እምብዛም አልተነካም።

ምክንያቱን ዛሬ እናውቃለን። አልትራቫዮሌት ጨረር ሴል ውስጥ ገብቶ ጎን ለጎን ያሉትን የዲ.ኤን.ኤ. ክፍሎች ያጣብቃል። ያን ጊዜ ፒ53 የተባለው፣ በ1979 የታወቀው ፕሮቲን፣ ሴሉ እንዳይከፈል ያግደዋል፤ የተጣበቀው ተቆርጦ እስኪጠገን ጊዜ ይገኛል። ጉዳቱ ካየለ ደግሞ ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። ይኸው ፕሮቲን ሜላኒን እንዲመረትም ምልክት ይሰጣል፤ ሜላኒኑ በሴሉ አስኳል ላይ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። ፒ53 ራሱ ከተበላሸ ግን መሞት የነበረበት ሴል ይተርፋል። የቆዳ ካንሰር መነሻው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

እንደኛ ቡኢ ባለ ከፍታ አገር ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። ከአልቢኒዝም ጋር የተወለደ ተማሪ ያ ጃንጥላ የለውም። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ቢለብስ፣ ጥላ ውስጥ ቢቀመጥ፣ ቅብጠት መስሎን እንዳንከለክለው።

ወደ ፊንሰን እንመለስ። በ1895 ፊትን የሚበላውን የቆዳ ቲቢ በኤሌክትሪክ ብርሃን ማከም ጀመረ፤ በ1896 ተቋም ከፈተ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 800 ያህል ሕሙማን ታከሙ፤ አብዛኞቹም ዳኑ ወይም ተሻላቸው። ጨረሩ ጀርሙን በቀጥታ ይገድላል ብሎ ያምን ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ መሣሪያዎቹ ሲፈተሹ ግን ሌንሶቹ አጭሩን ጨረር የማያሳልፉ ሆነው ተገኙ፤ ሥራውን የሠራው ረዘም ያለው ጨረር ነው ማለት ነው። ሕክምናው ሠርቷል፣ ማብራሪያው ተለወጠ።

በ1903 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ ከገንዘቡም ለተቋሙ ሰጠ። በ1904 በ43 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት ያወጣው ጽሑፍ በሰውነት ውስጥ ስለሚከማች ጨው ነበር፤ ያጠናውም የራሱን በሽታ ነው።