ብቻቸውን ተጫውተው ድምፃቸውን ያቆዩልን ሰው፦ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ



አብደራፊ ላይ በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ማታ ማታ የሚሆነውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ማሲንቆ ያነገተ አዝማሪ መሀል ላይ ይቆማል። ባንድ የለ፣ ኪቦርድ የለ፣ እሱና ማሲንቆው ብቻ! ዙሪያውን ደግሞ ስልኩን ያላወጣ የለም። ሁሉም ይቀርፃል፣ በማግስቱ በቴሌግራም ይላላካል።

ለመሆኑ እንዲህ ብቻውን ተጫውቶ ሙዚቃው በሸክላ የተቀረፀለት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ማን ይመስላችኋል? ዛሬ የሳቸውን ታሪክ ይዘን መጥተናል።

ተሰማ እሸቴ የተወለዱት በ1869 ዓ.ም ገደማ ሚንጃር ነው። ግጥም በቃላቸው የሚያፈልቁ፣ ሰምና ወርቁን የሚያውቁበት፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበሩ። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም ገደማ፣ ወደ ጀርመን ተላኩ። የተላኩት ግን ለዘፈን አይደለም። መኪና ለሀገራችን ገና ብርቅ ስለነበር መንዳቱንና ጥገናውን ተምረው እንዲመለሱ ነው።

እዚያ ሳሉ ቤካ የተባለ የጀርመን ሸክላ አሳታሚ ድምፃቸውን ቀረፀ። አሁን ይሄን ነገር ልብ በሉ። ያኔ ማይክ የለም። ለሙዚቃ ቀረፃ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማይክ የመጣው ከ1917 ዓ.ም ወዲህ ነው። ዘፋኙ አፉ ሰፊ የሆነ ጥሩምባ መሳይ ቀንድ ፊት ይቆማል። ድምፁ በቀንዱ ገብቶ መርፌ ያንቀጠቅጣል፣ መርፌዋም ሰም ላይ ትጭራለች። በቃ! መቁረጥ የለ፣ መቀጠል የለ፣ ማስተካከል የለ። ከተሳሳቱ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። አንዱ የሸክላ ገፅ የሚይዘውም 3 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው።

አዝማሪ ደግሞ ያለ ታዳሚ ከባድ ነው። ግጥም የሚሰጠው፣ እየሳቀ የሚያሞቀው ሰው ይፈልጋል። ተሰማ ግን ከሀገራቸው ርቀው፣ እንደ ሀገር ቤቱ የሚያጅብ ሰው በሌለበት፣ ከማሲንቷቸው ጋር ብቻቸውን ከደርዘን በላይ ሸክላ ሞሉ።

ሀገራቸው ተመልሰው የቤተ መንግሥት ሰው ሆኑ። ከልጅ ኢያሱ ጋር በጣም ተቀራረቡ፣ የነጋድራስነት ማዕረግም አገኙ። ግን ሹመት እንደ ወንዝ ነው፣ ይሞላል ይጎድላል። መስከረም 1909 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የሳቸውም ነገር አብሮ ወረደ። ሀብታቸውን አጡ፣ ከአዲስ አበባም ርቀው በግዞት ኖሩ።

የኳስ ወዳጆች ደግሞ ይቺን ስሙ። በ1914 ዓ.ም ጅማ ላይ ወንድ ልጅ ወለዱ። ስሙ ማን ቢባል ጥሩ ነው? ይድነቃቸው ተሰማ! አዎ፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ ይድነቃቸው፣ በ1954 ዓ.ም የአፍሪካ ዋንጫን ስናነሳ አሠልጣኝ የነበሩት፣ በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን እስከ ዕለተ ሞታቸው የመሩት። ብዙዎቻችን ልጁን እያወቅን አባቱን ሳናውቅ ኖረናል።

ነጋድራስ ተሰማ በ1950ዎቹ አጋማሽ አረፉ። ሸክላዎቹ ግን ተሰባሪ ነበሩ፣ ዕድሜም በልቷቸዋል። ደግነቱ አሳሾች ከያሉበት አሰባሰቧቸው። ከተቀረፁ ከ100 ዓመት በኋላ ኢትዮጲክ በሚባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 27ኛ ቁጥር ላይ በሲዲ ወጡ። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ስማቸውን ብትፈልጉ ድምፃቸው ይመጣል። ሺሽታ አለው፣ ጭረት አለው፤ ግን ሰውየው አሉ።

እና ምን ለማለት ነው? እኚህ ሰው ሹመታቸውም ሀብታቸውም ሄዷል። የቀረው ቀንድ ፊት ቆመው የተጫወቷት ያቺ የ3 ደቂቃ ጨዋታ ናት። እኛ ደግሞ በየኪሳችን መቅረጫ ይዘን እየዞርን፣ ሚሞሪ ሲሞላብን መጀመሪያ የምናጠፋው የአዝማሪውን ቪዲዮ ነው።

ስለዚህ ቤተሰብ፣ ዘንድሮ አብደራፊም ሆነ መተማ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ስትቀርፁ ስሙን፣ ቦታውንና ቀኑን አብራችሁ ያዙ። ሸልሙትም! ከመቶ ዓመት በኋላ የሚፈልገው ሰው አይጠፋም።

መልካም ምሽት!